ማወቅን የሚመዝን የባዮሎጂ ፈተና፦ ከገዳሪፍና ከመተማ ምድር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት፣ ለጎንደርና ለገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሎጂ መምህራን፣ እንዲሁም ከኢትዮጵያና ከሱዳን ድንበር ወዲህና ወዲያ ሳይንስ ለሚያስተምሩ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የመጀመሪያ ዓመት የባዮሎጂ ፈተና ፅንሰ ሐሳብን እንዲመዝን ስለመጠየቅ

አጠቃላይ ባዮሎጂ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በመጀመሪያ ዓመት በጋራ የሚማሩት ትምህርት ነው። ከሕይወት ሞለኪውሎች ይነሣና ወደ ሕዋስ፣ ወደ ሜታቦሊዝም፣ ወደ ዘር ውርስና ዝግመተ ለውጥ ይሄዳል። ከዚያም ተላላፊ በሽታዎችንና የሰውነትን መከላከያ፣ የሕያዋንን ምደባና ሥነ ምህዳርን ያስተምራል። ነገ ሐኪም፣ ነርስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የግብርና ባለሙያ ወይም መምህር የሚሆነው ወጣት ሁሉ በዚህ ትምህርት ያልፋል። ስለዚህ በፈተናው ላይ የሚታየው ጉድለት ውሎ አድሮ በጤና ጣቢያና በእርሻ ማሳ ላይ ይታያል።

የዚህ ትምህርት ፈተና በአብዛኛው የሚጠይቀው ስም ነው። የሕዋስ ኃይል የሚመነጭበት ክፍል የትኛው ነው? የካላዛርን ጥገኛ ተሕዋስ የምታስተላልፈው ነፍሳት ማን ትባላለች? ተማሪው "ሚቶኮንድሪያ"፣ "የአሸዋ ዝንብ" ብሎ ይመልሳል፤ ሙሉ ነጥብም ያገኛል። ስሞቹን ማወቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ስሙን ያወቀ ሁሉ አሠራሩን አውቋል ማለት አይደለም። ሚቶኮንድሪያን በስሙ የሚጠራ ተማሪ ዕፅዋትም እንደ እንስሳት ሌት ተቀን እንደሚተነፍሱ ላያውቅ ይችላል፤ የአሸዋ ዝንብን የሚያውቅም በሽታው በአንድ አካባቢ ሲጸና በሌላው የማይገኝበትን ምክንያት መናገር ሊቸግረው ይችላል።

ይህ ችግር በኢትዮጵያና በሱዳን ብቻ የታየ አይደለም። በፊዚክስ እ.ኤ.አ. በ1992 ዴቪድ ሄስቴንስና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የኃይል ፅንሰ ሐሳብ መመዘኛ፣ ቀመር አስልተው ትክክለኛ መልስ የሚያወጡ የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ እንቅስቃሴ የነበራቸውን የቆየ የተሳሳተ እምነት እንዳልተዉ አሳየ። ባዮሎጂም ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2002 አንደርሰን፣ ፊሸርና ኖርማን የተፈጥሮ ምርጫን የሚመለከት መመዘኛ አወጡ፤ በ2010 ደግሞ የሞለኪውልና የሕዋስ ባዮሎጂ መግቢያ መመዘኛ ታተመ። የእነዚህ መመዘኛዎች ዋና ብልሃት ያለው በተሳሳቱት አማራጮች ላይ ነው። የተሳሳተው አማራጭ ለማሞኘት የተፈለሰፈ አይደለም፤ ተማሪዎች በቃለ መጠይቅና በጽሑፍ ራሳቸው ከሰጡት ስሕተት ይወሰዳል። ስለዚህ የተሳሳተ መልስም ለመምህሩ መረጃ ይሆነዋል፤ ተማሪው የቱ ጋ እንደሳተ ያሳየዋል።

ፅንሰ ሐሳብን የሚመዝን ጥያቄ ተማሪው በደብተሩ ያልጻፈውን፣ ግን በተማረው ሊፈታው የሚችለውን ጉዳይ ያቀርባል። ከገዳሪፍ እስከ ቀላባትና መተማ፣ ከገንዳ ውኃ እስከ ሁመራ የተዘረጋው ምድር ደግሞ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሞልቶታል። የማሽላና የሰሊጥ እርሻው፣ የዋልካው አፈር፣ ወባውና ካላዛሩ፣ በየክረምቱ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛና በጦርነት ወዲህና ወዲያ የተሻገረው ሕዝብ ለመግቢያ ባዮሎጂ ዋና ዋና ርእሶች ሁሉ ምሳሌ ይሰጣሉ። ከዚህ በታች በትምህርቱ ቅደም ተከተል የተወሰኑት ይቀርባሉ።

የመጀመሪያው ቁስ አካልና ኃይል ነው። ገዳሪፍ በሱዳን የዝናብ እርሻ ዋነኛዋ የማሽላ አገር ናት። ለተማሪው የሚቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው፤ አንድ የማሽላ ዘር በጥቂት ወራት ከሰው ቁመት የሚበልጥ አገዳ ይሆናል፤ የአገዳው ደረቅ ክብደት በአብዛኛው ከየት መጣ? በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ብዙ ተማሪ "ከአፈር" ብሎ ይመልሳል። ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ቫን ሄልሞንት የተባለው ሊቅ አንድ የአኻያ ችግኝ በተመዘነ አፈር ተክሎ 5 ዓመት ውኃ እያጠጣ አሳደገው። እ.ኤ.አ. በ1648 በታተመው ጽሑፉ መሠረት ዛፉ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ሲጨምር አፈሩ የቀነሰው ከ60 ግራም የማይበልጥ ነበር። እሱ ክብደቱ ሁሉ ከውኃ መጣ ብሎ ደመደመ፤ ይህም ስሕተት ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ደረቁ ክብደት በአብዛኛው የተገነባው ቅጠሉ ከአየር ከሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከአፈር የሚመጡት ማዕድናት አስፈላጊ ቢሆኑም ድርሻቸው ትንሽ ነው። "ከአፈር"ም "ከውኃ"ም ሆነ "ከፀሐይ ብርሃን" የሚሉት አማራጮች እያንዳንዳቸው የተለየ ስሕተት ይገልጣሉ። ብርሃን ኃይል እንጂ ቁስ አካል አለመሆኑን ያልለየ ተማሪ በመጨረሻው ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው የሕዋስ ሽፋንና ዝውውር ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የሱዳን ጤና ሚኒስቴር በገዳሪፍ ግዛት የኮሌራ ወረርሽኝ መከሰቱን አስታወቀ። የኮሌራ ሕሙማንን ነፍስ የሚያድነው ዋናው ነገር የጠፋውን ውኃና ጨው መተካት ነው፤ ለዚህም ኦአርኤስ የተባለው በአፍ የሚወሰድ ብጥብጥ ይሰጣል። ጥያቄው እንዲህ ሊቀርብ ይችላል፤ የታማሚው ሰውነት ያጣው ውኃና ጨው ከሆነ ኦአርኤስ ውስጥ ስኳር ለምን ገባ? "ጉልበት እንዲሰጠው" ወይም "እንዲጣፍጥ" የሚሉት መልሶች ለብዙ ሰው ትክክል ይመስላሉ። እውነተኛው ምክንያት በአንጀት ሕዋስ ሽፋን ላይ ያለ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ሶዲየምን የሚያስገባው ከግሉኮስ ጋር አንድ ላይ ነው፤ ሁለቱ ሲገቡ ውኃው በኦስሞሲስ ይከተላል። የኮሌራ መርዝ ክሎራይድ ከሕዋሱ እንዲፈስ ሲያደርግ ይህን መንገድ አይዘጋውም፤ መድኃኒቱ የሚሠራውም ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ2002 ጀምሮ በሚመክሩት ቅመማ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የሶዲየምና የግሉኮስ መጠን እኩል ነው፤ እያንዳንዱ 75 ሚሊሞል። ተከታዩ ጥያቄ ከዚሁ ይወጣል፤ እናት ስኳሩን አብዝታ ብትበጠብጠው ምን ይሆናል? ኦስሞሲስን በእርግጥ የተረዳ ተማሪ የበዛው ስኳር ውኃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን እንደሚያብስ ይናገራል።

ሦስተኛው ሕዋስና የሰውነት መከላከያ ነው። ገዳሪፍ በሱዳን ካላዛር በብዛት ከሚገኝባቸው ግዛቶች ቀዳሚዋ ናት፤ መተማና ሁመራም በኢትዮጵያ በኩል የዚሁ በሽታ የታወቁ ቦታዎች ናቸው። ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ የተባለው ባለአንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ በሰው ሰውነት ውስጥ የሚኖረው በማክሮፋጅ ውስጥ ነው። ማክሮፋጅ ደግሞ ተሕዋስን ውጦ የሚፈጭ የመከላከያ ሕዋስ ነው። ከዚህ አንድ ጥሩ ጥያቄ ይወጣል፤ የካላዛር ታማሚ ደሙ በአንቲቦዲ የተሞላ ሆኖ ሳለ ለምን አይድንም? መልሱ አንቲቦዲ በሕዋስ ውስጥ የተደበቀውን ተሕዋስ እንደማይደርስበት፣ ለዚህ በቲ ሕዋሳት የሚመራና ማክሮፋጁን የሚያነቃ መከላከያ እንደሚያስፈልግ መረዳትን ይጠይቃል። ሌላው ጥያቄ የምርመራ ነው። በጤና ጣቢያዎች የሚሠራበት አርኬ39 የተባለው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው አንቲቦዲን ነው። ታክሞ የዳነ ሰው ከወራት በኋላ ትኩሳት ይዞት ቢመጣና ምርመራው ካላዛር ቢያሳይ በሽታው አገረሸበት ማለት ይቻላል? አይቻልም፤ አንቲቦዲው ከፈውስ በኋላም በደም ውስጥ ይቆያል። ይህን የሚለይ ተማሪ ነገ በሥራው ላይ ሰውን ከማያስፈልግ መርፌ ያድናል፤ ያገረሸበትንም ተሕዋሱን ራሱን ወደሚያሳይ ምርመራ ይልከዋል።

አራተኛው የዘር ውርስ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሣ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን ሲሠሩ ሐጂን ዱራ 1 የተባለውን ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ አስገኙ፤ ዝርያው በ1983 ለገበሬው ተሰራጨ። እሳቸውም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። የፈተናው ጥያቄ ከዚህ ድቅል ይነሣል፤ ገበሬው ከምርቱ ላይ ዘር አስቀርቶ በሚቀጥለው ክረምት ቢዘራው ማሳው ለምን ወጥ አይሆንም? የሜንዴልን ሕግ በካሬ ሠንጠረዥ ብቻ የሸመደደ ተማሪ ጥያቄው የውርስ መሆኑን ላያስተውለው ይችላል። የተረዳው ግን በመጀመሪያው ትውልድ የተጣመሩት ጂኖች በሁለተኛው እንደሚለያዩና እንደሚቀያየሩ ያስረዳል።

አምስተኛው ዝግመተ ለውጥ ነው፤ በዓለም ላይ ተማሪዎች በብዛት ከሚስቱባቸው ርእሶችም አንዱ ነው። የተለመደው ስሕተት ሕያው ነገር የሚለወጠው ስለሚያስፈልገው ነው ብሎ ማሰብ ነው። ድንበሩ በዚህ ላይ ዓለም ያወቀው ምሳሌ አለው። በወባ ፈጣን ምርመራ አብዛኞቹ መሣሪያዎች የሚፈልጉት ኤችአርፒ2 የተባለውን የፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ኢትዮጵያ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በምትዋሰንባቸው የትግራይ፣ የአማራና የጋምቤላ አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን መርምሮ፣ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው ተሕዋስያን መኖራቸውንና በተፈጥሮ ምርጫ እየተስፋፉ መሆኑን አሳየ። ጥያቄው ይህ ነው፤ ተሕዋሱ ከምርመራ ለማምለጥ ብሎ ጂኑን ጣለው? አልጣለውም። ጂኑ በአጋጣሚ የጠፋባቸው አስቀድሞ ነበሩ። መሣሪያው ሌሎቹን ሲያገኛቸው ታማሚው መድኃኒት ይወስዳል፤ እነሱም ይሞታሉ። ጂኑ የሌላቸው ግን "ወባ የለም" ተብሎ ይታለፋሉ፤ ወደ ሌላ ሰውም ይተላለፋሉ። የምርጫውን ሥራ የሠራው ምርመራውና ሕክምናው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት የሚሳተው ምርመራ ከመቶ 5 ሲያልፍ መሣሪያው እንዲቀየር ይመክራል። ተማሪው ይህን ውሳኔ በተማረው መርሕ ማስረዳት ከቻለ የተፈጥሮ ምርጫን አውቋል ማለት ነው።

ስድስተኛው ሥነ ምህዳር ነው። በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቃ የምታድገው አቀንጭራ አረንጓዴ ቅጠልና የሚያምር ሐምራዊ አበባ አላት። አረንጓዴ ከሆነች ምግቧን መሥራት ትችላለች፤ ታዲያ ለምን ጥገኛ ሆነች? ዘሯስ ማሽላ በሌለበት ለዓመታት ተኝቶ ማሽላ ሲዘራ ብቻ የሚበቅለው እንዴት ነው? የማሽላ ሥር ወደ አፈር የሚለቀው ስትሪጎላክቶን የተባለ ኬሚካል አለ። ሥሩ ይህን የሚለቀው ፎስፎረስ የሚያቀብሉትን ጠቃሚ ፈንገሶች ለመጥራት ነው፤ የአቀንጭራ ዘር ግን ጥሪውን ሰምቶ ይነቃል። የገቢሣ ኤጀታና የባልደረቦቻቸው አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች በከፊል የተመሠረቱት ይህን ቀስቃሽ ኬሚካል በትንሹ በሚለቁ ማሽላዎች ላይ ነው። በዚህ አንድ ምሳሌ ጥገኝነት፣ መረዳዳት፣ ኬሚካላዊ መግባቢያና የዝርያ ማሻሻል ተሳስረው ይመዘናሉ።

ካላዛርም ወደዚህ ርእስ ይመለሳል። የአሸዋ ዝንቧ ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ በበጋ በሚሰነጠቀው የዋልካ አፈርና ሱዳኖች ጠልሕና ሕጅሊጅ በሚሏቸው ዛፎች አካባቢ በብዛት ትገኛለች። በሽታው ክፉኛ የሚጥለው ቀድሞ ያልተጋለጠውንና በማሳ ዳር፣ በዛፍ ሥር የሚያድረውን የደጋ ሠራተኛ ነው። ተማሪው የአፈርና የዛፍ ካርታ፣ የሠራተኞች መንገድና የዝናብ ወራት ተሰጥቶት በሽታው የት ሊጸና እንደሚችል ቢጠየቅ፣ የሥነ ምህዳርን ትርጉም ከመጻፍ የበለጠ ዕውቀቱን ያሳያል።

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ሲዘጋጁ ሦስት ነገሮች መጠበቅ አለባቸው። አንደኛ፣ ምርጫ ያለው ጥያቄ ሁለት ደረጃ ቢኖረው ይመረጣል፤ በመጀመሪያው ተማሪው መልሱን፣ በሁለተኛው ምክንያቱን ይመርጣል። በግምት ያገኘ ተማሪ በሁለተኛው ይለያል። ሁለተኛ፣ ከፈተናው በኋላ የእያንዳንዱ ጥያቄ ውጤት ይመርመር፤ ከመቶ ስንቱ መለሰው? ጎበዞቹን ከደካሞቹ ይለያል ወይስ አይለይም? ጎበዞቹ የሚስቱት፣ ደካሞቹ የሚያገኙት ጥያቄ ይታረም ወይም ይወገድ። ሦስተኛ፣ ያው መመዘኛ በመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ቢሰጥ ተማሪው ይዞት የመጣው ዕውቀት ከተማረው ይለያል። ይህ ከተማሪው ይልቅ ማስተማሩን ይመዝናል።

የቋንቋ ጉዳይም አለ። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ በሱዳን እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ወደ ዐረብኛ ተዛውረዋል። በድንበሩ አካባቢ ደግሞ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ጉሙዝኛና ሌሎችም ይነገራሉ። ረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ያለው ጥያቄ የቋንቋ ፈተና ይሆንና ባዮሎጂው ሳይመዘን ይቀራል። አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ሥዕል፣ ሠንጠረዥና ግራፍ ይህን ይቀንሳሉ።

ይህ ሁሉ ለተፈናቀለው ተማሪ የበለጠ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በትግራይ በተነሣው ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገሩ፤ ብዙዎቹ በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱነይድባ መጠለያዎች ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ብዙዎች በቀላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ። በሁለቱም ወገን ትምህርታቸውን በመንፈቅ ያቋረጡ፣ የውጤት ወረቀታቸው የቀረባቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ለእነሱ ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጡ ማለት በር መዝጋት ነው። የሚያውቁትን በእውነት የሚመዝን ፈተና ካለ ግን ወረቀት የሌለው ተማሪ ዕውቀቱን አሳይቶ ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል። የሽምደዳ ፈተና ይህን ማድረግ አይችልም፤ የደብተር ትዝታ በስደት ዓመታት ይጠፋል። በሚገባ የተያዘ ፅንሰ ሐሳብ ግን ይቆያል።

ለኢትዮጵያ ፅንሰ ሐሳብን መመዘን የወቅቱ ጥያቄም ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የማካካሻ ትምህርት ተጀምሯል፤ ባዮሎጂም በውስጡ አለ። ስንቱ እንደወደቀ ታውቋል፤ የቱ ላይ እንደወደቀ የሚነግረው የፅንሰ ሐሳብ መመዘኛ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለዚህ ሥራ ቅርብ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው በደምብያ፣ በቆላ ድባ አካባቢ ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የወባ ወረርሽኝ በኋላ ነው፤ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከልም አለው።

ስለዚህ የትምህርት ሚኒስቴርና የፈተናዎች አገልግሎት ለመጀመሪያ ዓመትና ለማካካሻ ባዮሎጂ ፅንሰ ሐሳብን የሚመዝን የጋራ የጥያቄ ባንክ እንዲያቋቁሙ ይጠየቃሉ። የጎንደርና የገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ሰላሙ በፈቀደ መጠን የድንበሩን ምድር የሚመለከቱ ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ፣ በዐረብኛና በአማርኛ አብረው እንዲያዘጋጁ፣ የተማሪዎቻቸውንም ስሕተት እየመዘገቡ እንዲለዋወጡ ይጠየቃሉ። የዩኒቨርሲቲዎቹ ሬጅስትራሮች የውጤት ወረቀት ለሌላቸው ተፈናቃይ ተማሪዎች ይህን መመዘኛ የመግቢያ ማስረጃ አድርገው እንዲቀበሉ ይጠየቃሉ። እያንዳንዱ መምህርም በሚቀጥለው ፈተናው ላይ ከስም ጥያቄዎቹ አንዱን አውጥቶ "ለምን?" የሚል አንድ ጥያቄ በቦታው ማስገባት ይችላል። ለዚህ በጀትም መመሪያም አያስፈልግም፤ ዛሬውኑ ሊጀመር ይገባል።